ለጎንደር ከተማ ባህልና ቱሪዝም መምሪያ፦ በቀይ ሽብር የተገደሉ ልጆችን ስም እናቶቻቸው ሳያልፉ እንመዝግብ

ጤና ይስጥልኝ።

ስሜ ማስረሻ ነው። በ1971 ዓ.ም. እዚሁ ጎንደር ተወለድኩ። ስሙን ያወጣችልኝ አያቴ ናት። በ1970 የ17 ዓመት ልጇ፣ አጎቴ፣ በቀይ ሽብር ተገድሎባታል። እኔ ማስረሻ ተባልኩ እንጂ እሷ አልረሳችም። እስክታርፍ ድረስ በሩን ገርበብ አድርጋ ነበር የምትተኛው። አስከሬኑን አላየችማ። «ማታ ቢመጣ ማን ይከፍትለታል?» ትል ነበር።

ያኔ ማልቀስም ያስጠይቅ ነበር። ድንኳን አይጣልም፣ ሙሾ አይወርድም፣ ጎረቤት እዝን ይዞ አይመጣም። የልጃቸውን አስከሬን ለመውሰድ የጥይት ዋጋ የተጠየቁ ቤተሰቦች አሉ። የጎንደር እናቶች «የዛሬን ማርልኝ፣ ሁለተኛ አልወልድም» ያሉት በዚያ ዘመን ነው። ስንኙን አገሩ ሁሉ ያውቀዋል። የእናቶቹን ስም ግን ስንቶቻችን እናውቃለን?

እኛ ከዚያ በኋላ የተወለድን ልጆች ያደግነው በሹክሹክታ ነው። ዩኒቨርሲቲ ስገባ አባቴ የመከረኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ፖለቲካና ኮረንቲ በሩቁ።» ፈሪ መስሎኝ ተናድጄበት ነበር። ወንድሙን ከቤት ሲወስዱት በዓይኑ እንዳየ የነገረኝ 30 ዓመት ካለፈኝ በኋላ ነው። በሰፈራችን ምትኩ፣ ካሳ፣ ማስረሻ የሚባሉ እኩዮቼ ሞልተዋል። ማን በማን ምትክ እንደተሰየመ ግን አንጠያየቅም።

የፋሲል ግቢን ሊጎበኝ የመጣ እንግዳ ከአፄ ፋሲል እስከ እቴጌ ምንትዋብ በስም በስም ይነገረዋል። ደስ ይለኛል፣ እኔም እኮራበታለሁ። በቀይ ሽብር የተገደሉት የነዚያ ልጆች ስምም የዚችው ከተማ ታሪክ ነው።

ልመናዬ ሐውልት አይደለም። ድምፅ መቅጃ የያዘ ሰው ወደየቤቱ ላኩ። የእድር ሽማግሌዎችን ጠይቁ፤ ከማን ቤት ማን እንደጎደለ ያውቃሉ። ስም፣ ዕድሜ፣ የት ይማር እንደነበር ይጻፍ። በ1970 ዓ.ም. 35 ዓመት የነበራት እናት ዛሬ 80 አልፏታል። እባካችሁ፣ ለሚቀጥለው በጀት ዓመት አትበሉት።

አጎቴ የተወልን አንድ ጉርድ ፎቶ ነው። ከጀርባው በእጁ ስሙንና «11ኛ ክፍል» ብሎ ጽፎበታል። አባቴ ፎቶውን ይዞ ሊመጣ ፈቃደኛ ነው። እስከዛሬ ከመንግሥት ወገን ስለ ወንድሙ የጠየቀው ሰው የለም።

አክባሪያችሁ፣
ማስረሻ፣ ከጎንደር