በፍሪጄና በምንጣፌ ላይ ለደረሰው ጉዳት የቀረበ ቅሬታ

ቀን፦ ግንቦት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለቤት ዕቃዎች ጥገናና ጽዳት አገልግሎት ድርጅት ሥራ አስኪያጅ
አዳማ

ጉዳዩ፦ በሠራተኞቻችሁ ለተበላሸው ፍሪጅና ለተቃጠለው የሱፍ ምንጣፍ መፍትሔ ስለመጠየቅ

በአዳማ ከተማ የፍራንኮ አካባቢ ነዋሪና የድርጅታችሁ ደንበኛ ነኝ። ባለፈው ወር ባለአንድ በር ፍሪጄ በረዶ እየጋገረ ስላስቸገረኝ ቢሮአችሁ ደውዬ በረዶው እንዲለቀቅ፣ የበሩ ጎማ እንዲታይና ውስጡ እንዲጸዳ ተስማማን። ፍሪጁ ያን ጊዜ በደንብ ያቀዘቅዝ ነበር። ሠራተኞቻችሁ ሠርተው ከሄዱ ወዲህ ግን አያቀዝቅዝም፤ ሳሎን የተነጠፈው የደብረ ብርሃን ሱፍ ምንጣፍም መሐሉ ተቃጥሎ እየረገፈ ነው። በስልክ ደጋግሜ ብነግራችሁም «እንደውላለን» ከመባል ያለፈ መልስ ስላላገኘሁ በጽሑፍ ለማቅረብ ተገድጃለሁ።

አንደኛው ሠራተኛ ፍሪጁን ከሶኬት እንደነቀለ ወዲያው ቢላዋ ጠየቀኝ። አልሰጥም ስለው ከቦርሳው ካቻቢቴ አውጥቶ በረዶውን መፈርፈር ጀመረ። እባክህ ተው፣ ይቅለጥ አልኩት። «እኛ ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምናደርገው» አለኝ። የባለአንድ በር ፍሪጅ የበረዶ ክፍል ግድግዳ ስስ አሉሚኒየም ነው፤ ጋዙ የሚዞርበት ቀጭን መስመርም የሚያልፈው እዚያው ግድግዳው ውስጥ ነው። ስለዚህ በረዶ በስለት አይነካም። ነቅሎ፣ በሩን ከፍቶ፣ ሙቅ ውሃ በሳህን ውስጡ አስቀምጦ፣ ከሥር ጨርቅ አንጥፎ መጠበቅ ነው። በአዳማ ሙቀት ይህ ግማሽ ቀን እንኳ አይፈጅም። ልጁ ግን የሚጠብቅበት ጊዜ አልነበረውም፤ ከእኔ ቤት ቀጥሎ ሌሎች ቤቶች እንደተመደቡለት ራሱ ነግሮኛል።

ጥቂት እንደቆየ ከበረዶው ሥር «ሽሽሽ» የሚል ድምፅ ወጣ፤ መስመሩ ተበስቶ ጋዙ እየወጣ ነበር። ጓዳው ውስጥ የቡና ከሰል ይነድ ነበር። ኮምፕረሰሩ (ጋዙን የሚያዞረው ሞተር) ላይ የተለጠፈው ጽሑፍ ጋዙ አር 600ኤ የሚባለው ዓይነት መሆኑን ይናገራል፤ አጠገቡም የእሳት ነበልባል ምልክት አለው፤ ተቀጣጣይ ነው ማለት ነው። ሠራተኛው መስኮት ክፈቱ፣ ከሰሉን አውጡ አላለም። ከሰሉን ያወጣሁት ምልክቱን አይቼ የደነገጥኩት እኔ ነኝ። የባሰ ነገር ስላልደረሰ ፈጣሪዬን አመሰግናለሁ፤ እናንተ ግን ይህንን ቀላል አድርጋችሁ እንዳታልፉት አጥብቄ እጠይቃለሁ።

ከዚያ በኋላ የተነገረኝ ነገር ከጉዳቱ ያልተናነሰ አሳዝኖኛል። «ጋዙ ድሮም አልቆ ነበር፣ መሞላት አለበት» ተባልኩ። የፍሪጅ ጋዝ እንደ ምድጃ ጋዝ ሲሠራበት የሚያልቅ አይደለም። በተዘጋ መስመር ውስጥ ሲዞር ይኖራል፤ ጎደለ ከተባለ የሆነ ቦታ ያፈሳል። በማግስቱ የላካችሁት ሌላው ባለሙያ ቀዳዳውን በማጣበቂያ ለጥፎ ጋዝ ሞላና የሙሊቱን ዋጋ ከአገልግሎቱ ክፍያ በላይ አስከፈለኝ። የያዘው ሲሊንደር ላይ የተጻፈው ግን አር 134ኤ የሚባል ሌላ ዓይነት ጋዝ ነበር። የእኔ ፍሪጅ የተሠራው ለአር 600ኤ ነው። ሁለቱ ግፊታቸው አንድ አይደለም፤ በአር 600ኤ ኮምፕረሰር ውስጥ የሚገባው ዘይትም በአብዛኛው ለአር 134ኤ አይሆንም። አር 600ኤ በቤት ፍሪጅ ውስጥ የሚገባው ጥቂት አሥርት ግራም ብቻ ስለሆነ በሚዛን ተለክቶ ነው የሚሞላው፤ ከመሞላቱ በፊት መስመሩ በቫኪዩም (አየርና እርጥበት መጥጦ በሚያወጣ መሣሪያ) ይጸዳል፣ ማድረቂያ ፊልተሩም ይቀየራል። ሚዛንም፣ ቫኪዩምም፣ አዲስ ፊልተርም አላየሁም። ፍሪጁ ለትንሽ ጊዜ ቀዝቀዝ ብሎ እንደገና ሞቀ። አሁን ኮምፕረሰሩ ያለ ዕረፍት ይጮህ ስለነበር ነቅዬዋለሁ።

በመጀመሪያ የጠራኋችሁ ለበሩ ጎማ ጭምር ነበር፤ እሱን ማንም አላየውም። የብር ኖት በሩ ላይ አድርጎ ዘግቶ መሳብ ይበቃ ነበር፤ ኖቱ ሳይያዝ ሾልኮ ከወጣ ጎማው ላልቷል። ሞቃትና እርጥብ አየር የሚገባው፣ በረዶውም የሚጋገረው በዚያ ነው።

እናቴ የስኳር ሕመምተኛ ናት፤ አብራኝ ትኖራለች። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቅዝቃዜ መቀመጥ አለበት፤ የግንቦት ከሰዓት በአዳማ 30 ዲግሪ ሲያልፍ ቁም ሳጥን ውስጥ የሚቀመጥ መድኃኒት አይደለም። ደግነቱ ጎረቤታችን ፍሪጃቸውን ፈቅደውልናል። ግን እሳቸው ቤት በሌሉ ቀን እናቴ መድኃኒቷን ማግኘት አትችልም። ለእናንተ አንድ የተበላሸ ዕቃ ሊመስላችሁ ይችላል፤ በእኛ ቤት ግን የእናቴ ጤና የተንጠለጠለበት ነው።

ወደ ምንጣፉ ልምጣ። ሁለተኛው ሠራተኛ ከፍሪጁ የወጡትን ዕቃዎች ወደ ሳሎን ሲያሻግር የቀይ ወጥ ድስት ምንጣፉ ላይ ደፋ። መድፋት ማንም ላይ ይደርሳል፤ ቅሬታዬ ከዚያ በኋላ በሆነው ላይ ነው። የፈሰሰውን በማንኪያ ከማንሳት ይልቅ በብሩሽ እየፈተገ አሰፋው፤ ቀጥሎ በረኪና ከነጠርሙሱ አንቆረቆረበት። ሱፍ የበግ ጸጉር ነው፣ ጸጉር ደግሞ ፕሮቲን ነው፤ በረኪና ፕሮቲንን ይበላል። ለነጭ ጥጥ የሚሆን ነገር ለሱፍና ለሐር ፈጽሞ አይሆንም። ወጡ ያረፈበት ቦታ ቢጫ ሆኖ ደረቀ፤ አሁን በጣት ሲነኩት ይረግፋል።

የበርበሬ ቀለም በዘይት የሚሟሟ ስለሆነ ውሃ ብቻውን አያወጣውም። ወፍራሙን በማንኪያ አንስቶ፣ ዘይቱ እንዲመጠጥ ዱቄት ነስንሶ ማቆየት፤ ከዚያ ለብ ባለ ውሃ ትንሽ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጦ በነጭ ጨርቅ ከዳር ወደ መሐል መጫን፣ ሳይፈትጉ። ትዕግሥት ይፈልጋል እንጂ ውድ ዕቃ አይፈልግም። እናቴ ይህንን ለልጁ ልታሳየው ሞክራ ነበር፤ «ማዘር፣ እኛ እናውቃለን» አላት።

በዚህ ላይ የበረኪናው ሽታ ሲበረታ ሠራተኛው «ሽታውን ያጠፋል» ብሎ አቼቶ ጠየቀን። በረኪና ከአቼቶ ጋር ሲገናኝ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል፤ በተዘጋ ክፍል ሳንባ ይጎዳል። ከለከልኩት። ልጁ ጓንት እንኳ አልነበረውም፤ እጁ ቀልቶ ነበር። ይህንን የምጽፈው ልጆቹን ለማስቀጣት አይደለም። በካቻቢቴና በአንድ ጠርሙስ በረኪና የሰው ቤት የላካቸው ድርጅታችሁ ነው፤ ተጠያቂውም ድርጅታችሁ ነው። በዚህ ምክንያት ከደመወዛቸው እንዳትቆርጡባቸው እለምናለሁ።

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃና አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት፣ ለደረሰበት ጉዳትም ካሳ የመጠየቅ መብት እንዳለው ይደነግጋል። ስለዚህ በአር 600ኤ ላይ መሥራት የሚችል፣ ሚዛንና ቫኪዩም ያለው ባለሙያ በእናንተ ወጪ እንድትልኩልኝ እጠይቃለሁ። የተበሳው የበረዶ ክፍል በማጣበቂያ ሳይሆን በአዲስ ይተካ፤ የተሳሳተው ጋዝ ወጥቶ ኮምፕረሰሩ ይፈተሽ፤ ጉዳት ከደረሰበት እሱም ይቀየር። ለጋዝ ሙሊት የከፈልኩት ገንዘብ ይመለስልኝ፤ በእጅ ከተጻፈው ወረቀት ይልቅ ሕጋዊ ደረሰኝ ይሰጠኝ። የምንጣፉን ዋጋ በተመለከተ ሽመናውን በሚያውቅ ሰው አስገምተን እንስማማ፤ ከተገመተው በላይ አልጠይቅም።

ያ ባለሙያ በዚያው ሲሊንደር የሌሎች ሰዎችን ፍሪጆች ሞልቶ ከሆነ ለእነሱም ደውላችሁ ንገሯቸው። እንደ እኔ «ጋዙ ድሮም አልቆ ነበር» ተብለው ዝም ያሉ ይኖራሉ።

በአሥር ቀን ውስጥ የጽሑፍ መልስ ካላገኘሁ ጉዳዩን ለከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት አቀርባለሁ። የፍሪጁንና የምንጣፉን ፎቶዎች፣ የኮምፕረሰሩን ጽሑፍና የከፈልኩበትን ወረቀት ቅጂ አያይዤአለሁ። ፍሪጁ ከግድግዳ ተነጥሎ እንዳለ ቆሟል፤ ባለሙያችሁ አይቶ እስኪያረጋግጥ ማንም እንዲነካው አልፈቅድም። ስትመጡ ጠዋት ቢሆን ይመረጣል፤ ከሰዓት እናቴን ወደ ሕክምና የምወስድበት ቀን ሊሆን ይችላል።

ከሰላምታ ጋር
ደንበኛችሁ