የኮምፒውተር ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ አንድ ኮምፒውተር ስንት ዋት ይበቃዋል?

የኮምፒውተር ክበባችን በዚህ ዓመት ያከናወነው ሥራ ከሞላ ጎደል በአንድ ጥያቄ ዙሪያ ያተኮረ ነበር፤ ይኸውም አንድ ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ስንት ዋት የሚሰጥ ፓወር ሰፕላይ ያስፈልገዋል የሚለው ነው። ጥያቄውን ያነሣችው አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ስትሆን፣ ለቪዲዮ ማቀናበሪያ በምንጠቀምበት ኮምፒውተር ላይ ግራፊክስ ካርድ ለመጨመር ባሰብንበት ወቅት «ካርዱን ብንጨምርበት አሁን ያለው ፓወር ሰፕላይ ይችለዋል ወይ?» ብላ ጠየቀች። ከአባላቱ ከፊሎቹ 500 ዋት ይበቃል ሲሉ፣ ሌሎቹ ከ750 በታች አይሆንም አሉ፤ ሆኖም የሚሉትን ቁጥር ከየት እንዳገኙት ማስረዳት የቻለ አልነበረም። ጥያቄው ከመደመርና ከማባዛት ያለፈ ሒሳብ የማይጠይቅ ሆኖ ሳለ ለእያንዳንዱ ተደማሪ አስተማማኝ ምንጭ መፈለግን የግድ ስለሚል፣ ክበቡ ዓመቱን ሙሉ ቢሠራበት የሚገባው ጉዳይ ሆኖ አገኘሁት።

በመጀመሪያዎቹ ስብሰባዎች የፊዚክስ መምህሩ ተገኝተው፣ ዋት ቮልት በአምፔር ሲባዛ የሚገኝ መሆኑንና ፓወር ሰፕላይም ከግድግዳ ሶኬት የሚመጣውን ተለዋዋጭ ጅረት ወደ 12፣ ወደ 5 እና ወደ 3.3 ቮልት ቀጥተኛ ጅረት የሚለውጥ መሣሪያ መሆኑን አስረዱ። በዚሁ አጋጣሚ ብዙዎቹ አባላት ይዘዋቸው የመጡ ሁለት የተሳሳቱ ግምቶች ተስተካከሉ። አንደኛው 750 ዋት የተጻፈበት ፓወር ሰፕላይ ምንጊዜም 750 ዋት ይበላል የሚለው ነው፤ የተጻፈው ቁጥር ሊሰጥ የሚችለውን ከፍተኛ መጠን ያመለክታል፣ የሚሰጠው ግን ኮምፒውተሩ የጠየቀውን ያህል ብቻ ነው። ሁለተኛው ሞኒተሩም በስሌቱ ውስጥ ይግባ የሚለው ሲሆን፣ ሞኒተር በራሱ ገመድ ከሶኬት ስለሚወስድ በዚህ ስሌት አይካተትም። በዩኤስቢ የሚሰኩ ዕቃዎች ግን ኃይላቸውን የሚያገኙት ከዚያው ከፓወር ሰፕላዩ ነውና ይቆጠራሉ፤ አንድ የዩኤስቢ 2.0 መሰኪያ እስከ 2.5 ዋት፣ የ3.0 መሰኪያ ደግሞ እስከ 4.5 ዋት ይሰጣል።

ወደ ክፍሎቹ ስንመጣ ከሁሉ ይልቅ ክርክር ያስነሣው ፕሮሰሰር ነበር፤ ምክንያቱም ቲዲፒ (ማቀዝቀዣው እንዲያስወግደው የሚጠበቀው የሙቀት መጠን) እየተባለ በጉልህ የሚጻፈው ቁጥር ፕሮሰሰሩ ሊወስድ የሚችለውን ከፍተኛ ኃይል አይነግረንም። የእኛ ኮምፒውተር የያዘው ኢንቴል ኮር አይ5-12400 መነሻ ኃይሉ 65 ዋት ተብሎ የተመዘገበ ቢሆንም፣ ፍጥነቱን ከፍ አድርጎ ሲሠራ እስከ 117 ዋት እንደሚደርስ አምራቹ ራሱ አስፍሮታል። የኤኤምዲ ራይዘን 5 5600ኤክስም እንዲሁ በ65 ዋት ቢታወቅም፣ ክፍሎቹ ሁሉ በሚሰኩበት ሰሌዳ፣ በማዘርቦርዱ፣ በኩል እንዲወስድ የሚፈቀድለት ከዚያ ይበልጣል። ከፍተኛ አቅም ባላቸው ፕሮሰሰሮች ላይ ልዩነቱ ይሰፋል፤ ኮር አይ9-13900ኬ በ125 ዋት ተመዝግቦ ሳለ እስከ 253 ዋት ሊወስድ ይችላል። ስለዚህ አባላቱ በስሌት ቅጻቸው ላይ ሁለቱንም ቁጥሮች ጎን ለጎን እየጻፉ፣ ለድምሩ ምንጊዜም ትልቁን እንዲወስዱ ተስማማን። አንድ ፓወር ሰፕላይ የሚፈተነው ኮምፒውተሩ እጅግ በሚደክምበት ሰዓት ስለሆነ፣ ይህ ስምምነት ትክክል እንደነበር ዛሬም አምናለሁ።

ግራፊክስ ካርዱ ከፕሮሰሰሩ ይልቅ ግልጽ ሆኖ ተገኘ። ልንጨምረው ያሰብነው የኤንቪዲያ አርቲኤክስ 3060 ሲሆን አምራቹ 170 ዋት ብሎ መዝግቦታል። ሆኖም አንድ የ11ኛ ክፍል ተማሪ፣ መረጃው ያልተገኘለት አሮጌ ካርድ ቢያጋጥመን ምን እናደርጋለን ሲል ጥሩ ጥያቄ አቀረበ፤ መልሱንም በመሰኪያዎቹ አማካይነት አገኘነው። ካርዱ የሚገባበት የማዘርቦርድ ማስገቢያ እስከ 75 ዋት፣ ባለ 6 ፒን መሰኪያ ሌላ 75 ዋት፣ ባለ 8 ፒን መሰኪያ ደግሞ 150 ዋት እንዲያስተላልፍ በመመሪያው ተወስኗል። ስለዚህ ምንም ተጨማሪ መሰኪያ የሌለው ካርድ ከ75 ዋት፣ አንድ ባለ 8 ፒን መሰኪያ ያለው ካርድ ከ225 ዋት እንደማያልፍ አድርጎ ማስላት ይቻላል። የተገኘው ቁጥር ጣሪያው ነውና ትክክለኛው ፍጆታ ከዚያ ሊያንስ ይችላል፤ ሌላ መረጃ በሌለበት ጊዜ ግን በጣሪያው መሥራት ከግምት ይሻላል።

የቀሩት ክፍሎች ድርሻቸው አነስተኛ ስለሆነ ብዙ አልቆየንባቸውም። ማዘርቦርዱ ራሱ ለሚወስደውና ለፕሮሰሰሩ ቮልቴጁን ዝቅ ሲያደርግ በሙቀት መልክ ለሚባክነው ኃይል በአንድነት 40 ዋት፣ ለሁለት ራም 10 ዋት፣ ለኤስኤስዲው 8 ዋት፣ ለሃርድ ዲስኩ 10 ዋት፣ ለሦስት ማራገቢያዎች 9 ዋት፣ በዩኤስቢ ለሚሰኩ ዕቃዎች 10 ዋት ያዝን። ሃርድ ዲስክ ሞተሩ ከቆመበት መሽከርከር ሲጀምር ለጥቂት ሰከንዶች ከ20 ዋት በላይ እንደሚወስድም ተመልክተናል፤ ነገር ግን ያ የሚሆነው ኮምፒውተሩ ሲበራ፣ ፕሮሰሰሩና ግራፊክስ ካርዱ ገና ጫና ሳይኖርባቸው ስለሆነ፣ ብዙ ዲስኮች ለተደረደሩበት ኮምፒውተር ካልሆነ በስተቀር ስሌቱን አይለውጠውም። ከፕሮሰሰሩ 117 እና ከግራፊክስ ካርዱ 170 ዋት ጋር ሁሉም ሲደመር 374 ዋት መጣ።

በዚህ ድምር መሠረት 500 ዋት ይበቃል ያሉት አባላት የረቱ መስሏቸው ነበር። ነገር ግን የኮምፒውተሩን ክዳን ከፍተን በፓወር ሰፕላዩ ላይ የተለጠፈውን ሠንጠረዥ እንዲያነቡ ሳደርግ ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። በትልልቅ ቁጥር 500 ዋት የተጻፈበት ይህ ዕቃ፣ በሠንጠረዡ ላይ ለ12 ቮልቱ መስመር የተመደበለት 22 አምፔር ብቻ ነው። 12 በ22 ሲባዛ 264 ዋት ይሆናል። ኃይላቸውን ከዚህ መስመር የሚወስዱት ፕሮሰሰሩና ግራፊክስ ካርዱ ደግሞ በከፍተኛ ጫና ጊዜ ሁለቱ ብቻ 117 እና 170፣ በድምሩ 287 ዋት ይጠይቃሉ። የቀረው የ500 ዋቱ ክፍል በ5 እና በ3.3 ቮልት መስመሮች ላይ ያለ ስለሆነ ለእነርሱ ሊደርስላቸው አይችልም። ጥያቄውን ያነሣችው ተማሪ መልሷን ያገኘችው እዚህ ላይ ነው፤ ያለው ፓወር ሰፕላይ አይችለውም፣ ምክንያቱም ያለው አቅም በሚፈለገው መስመር ላይ አይደለም።

የዚህን ምክንያት ለመረዳት ጥቂት ወደኋላ መመለስ አስፈልጎናል። ኢንቴል የኤቲኤክስን (የዴስክቶፕ ኮምፒውተርን የማዘርቦርድና የፓወር ሰፕላይ አሠራር የሚወስነውን) መመሪያ ባወጣበት በ1995 እ.ኤ.አ. የኮምፒውተር ዋና ጫና በ5 እና በ3.3 ቮልት መስመሮች ላይ ነበር። ፕሮሰሰሮች የሚጠይቁት ኃይል እየጨመረ ሲሄድ፣ በ2000 እ.ኤ.አ. ከፔንቲየም 4 ጋር የመጣው የኤቲኤክስ12ቪ መመሪያ ለፕሮሰሰሩ ባለ 4 ፒን የ12 ቮልት መሰኪያ ጨመረ። የፊዚክስ መምህሩ ጥቅሙን በሰሌዳ ላይ አሳዩን፦ 100 ዋት በ5 ቮልት ለማድረስ 20 አምፔር ሲያስፈልግ በ12 ቮልት 8.3 አምፔር ገደማ ይበቃል፤ በገመድ ላይ የሚባክነው ሙቀት ደግሞ በጅረቱ ካሬ ልክ ስለሚያድግ ልዩነቱ ወደ ስድስት እጥፍ ይጠጋል። ስለዚህ አሮጌ ፓወር ሰፕላይ፣ ወይም አዲስ ሆኖ በአሮጌ አሠራር የተሠራ፣ በዋት ከዘመናዊው ጋር እኩል ቢመስልም በ12 ቮልት መስመር ላይ እኩል ላይሆን ይችላል። ከዚያ ወዲህ አባላቱ ማንኛውንም ፓወር ሰፕላይ ሲመለከቱ ዓይናቸው አስቀድሞ ወደ 12 ቮልቱ አምፔር መሄዱ በዓመቱ ውስጥ እጅግ ካስደሰቱኝ ነገሮች አንዱ ነው።

በዚሁ ምዕራፍ አንድ አደገኛ ልማድም ተነሥቷል። ፓወር ሰፕላዩ ለግራፊክስ ካርድ የሚሆን መሰኪያ ከሌለው፣ የዲስክን የሳታ መሰኪያ ወደ ባለ 6 ፒን በሚለውጥ አስማሚ መጠቀም እንችላለን ያሉ አባላት ነበሩ። ነገር ግን የሳታ መሰኪያ ለ12 ቮልት ያሉት ሦስት ፒኖች እያንዳንዳቸው ለ1.5 አምፔር የተሠሩ ስለሆኑ በድምሩ 54 ዋት ብቻ ይችላሉ፤ ባለ 6 ፒኑ ግን 75 ዋት ሊጠይቅ ይችላል። ትርፉ በሙቀት ይወጣል፣ ፕላስቲኩም ሊቀልጥ ይችላል። መሰኪያው የሌለው ፓወር ሰፕላይ ካርዱን እንዲሸከም ታስቦ አልተሠራምና፣ አስማሚው በክበቡ ውስጥ እንዲከለከል አባላቱ ራሳቸው ወሰኑ።

ቀጥሎ የመጣው ክርክር ከድምሩ በላይ ምን ያህል መጠባበቂያ ይተው የሚለው ነበር። ከድምሩ እጥፍ የሆነ ፓወር ሰፕላይ ይመረጥ ያሉት አባላት፣ ፓወር ሰፕላይ ብቃቱ፣ ማለትም ከሶኬት ከወሰደው ውስጥ ለኮምፒውተሩ የሚያደርሰው ድርሻ፣ የሚበልጠው በግማሽ ጫና አካባቢ መሆኑን በምክንያትነት አቀረቡ። አባባሉ እውነት ነው፤ ልዩነቱ ግን ትንሽ ነው። 80 ፕላስ ከሚባለው የፓወር ሰፕላይ ብቃት ማረጋገጫ የጎልድ ደረጃው በ115 ቮልት ሲለካ በ20 በመቶ ጫና 87፣ በ50 በመቶ 90፣ በ100 በመቶ 87 በመቶ ብቃት ይጠይቃል፤ ለሦስት በመቶ ሲባል ዕቃውን በእጥፍ ማሳደግ አያስፈልግም። ከዚህም ሌላ ኮምፒውተር አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳልፈው በቀላል ሥራ ነውና፣ ከመጠን በላይ ትልቅ የሆነ ፓወር ሰፕላይ ብቃቱ በሚወርድበት እጅግ ዝቅተኛ ጫና ላይ ረጅም ሰዓት ይቆያል። መጠባበቂያ የሚያስፈልገው በሌላ ምክንያት ነው፦ በፓወር ሰፕላዩ ውስጥ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙት ካፓሲተሮች በሙቀትና በዕድሜ ይደክማሉ፣ ወደፊት ዲስክ ወይም ሌላ ክፍል ሊጨመር ይችላል፣ ግራፊክስ ካርድም ለቅጽበት ከተመዘገበለት በላይ ይወስዳል። የእኔ ሐሳብ 30 በመቶ የሚል ነበር፤ 374 በ1.3 ሲባዛ 486 ዋት ይሆናል። አምራቹ ለካርዱ 550 ዋት ይመክራል፤ ምክሩ ከእኛ ቁጥር ከፍ የሚለው ካርዱ ከየትኛው ፕሮሰሰር ጋር እንደሚሠራ አስቀድሞ ስለማያውቅ ነው። በመጨረሻ የተመረጠው 550 ዋት ሆኖ በ12 ቮልት መስመሩ 45 አምፔር፣ ማለትም 540 ዋት የሚሰጥ ፓወር ሰፕላይ ነው።

አዲሱ ፓወር ሰፕላይና ካርዱ ከተገጠሙ በኋላ ስሌታችንን በመለኪያ ለመፈተሽ ኮምፒውተሩን ከሶኬቱ ጋር በኃይል መለኪያ በኩል አገናኘነው። ቪዲዮ ሲያቀናብር መለኪያው 330 ዋት ገደማ አሳየ። እዚህ ላይ አባላቱ ልብ ሊሉት የሚገባ ነገር ነበር፤ መለኪያው የሚያሳየው ፓወር ሰፕላዩ ከግድግዳ የሚወስደውን ሲሆን፣ በፓወር ሰፕላዩ ላይ የተጻፈው አቅም ግን ለኮምፒውተሩ የሚሰጠውን ይመለከታል። ብቃቱን 90 በመቶ ብንወስድ ለክፍሎቹ የደረሰው 297 ዋት ነው። ከ374 ማነሱ አያስገርምም፤ አንድ ሥራ ፕሮሰሰሩንም ግራፊክስ ካርዱንም በአንድ ጊዜ እስከ ጫፍ የሚያደርስበት አጋጣሚ ጥቂት ነው።

አንድ የ9ኛ ክፍል ተማሪ ይህን ካየ በኋላ «እንግዲያው 400 ዋት ይበቃን አልነበረም?» አለ። ጥያቄው በቂ ጊዜ ተሰጥቶት ውይይት ተደርጎበታል። መለኪያው የሚያሳየው አማካይ ነው፤ ግራፊክስ ካርድ ግን በሺህኛ ሰከንድ ውስጥ ከአማካዩ እጅግ ከፍ ብሎ ይወርዳል፣ ይህንንም ቅጽበታዊ ንረት ተራ መለኪያ አይደርስበትም። ንረቱን የማይቋቋም ፓወር ሰፕላይ መከላከያው ይሠራና ኮምፒውተሩን በድንገት ያጠፋዋል። በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣው የኤቲኤክስ 3.0 መመሪያ ለከፍተኛ ግራፊክስ ካርዶች የሚሠሩ ፓወር ሰፕላዮች ከተመዘገበው አቅማቸው እስከ እጥፍ የሚደርስ ጫናን ለ100 ማይክሮ ሰከንድ እንዲችሉ የደነገገው በዚሁ ምክንያት ነው። ተማሪው ባለ 400 ዋቱ ብዙ ጊዜ ሊሠራ እንደሚችል፣ እኛም የማይሠራበትን ጊዜ በመለኪያችን አስቀድመን ልናውቅ እንደማንችል ጽፎ በቅጹ ላይ አያይዟል።

በሥራችን ሁሉ የፓወር ሰፕላይ ሽፋን አልተከፈተም፤ ከሶኬት ከተነቀለም በኋላ በውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች አደገኛ ቮልቴጅ ይዘው ሊቆዩ ስለሚችሉ፣ ይህ ደንብ በሚቀጥለውም ዓመት ይጸናል።

አባላቱ የሞሏቸው የስሌት ቅጾች በክበቡ መዝገብ ተቀምጠዋል። ከመካከላቸው ግራፊክስ ካርድ ለሌላቸው የቢሮ ኮምፒውተሮች የተሠሩት ከ204 ዋት ያልበለጠ ድምር ያሳያሉ፤ ለእነዚህ በ12 ቮልት መስመሩ በቂ አምፔር ያለው ባለ 300 ዋት ፓወር ሰፕላይ ይበቃል። በሚቀጥለው ዓመት ክበቡ እነዚሁን ቁጥሮች ይዞ መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን ለጊዜው የሚያቆየውን ዩፒኤስ መጠን ወደ ማስላት ይሸጋገራል፤ በዚያ ስሌት የሚያገለግለው ከሶኬት የሚወሰደው ዋት ስለሆነ የ330 ዋቱ ልኬት መነሻችን ይሆናል።