ዶሮዋ ሳትሸጥ ቀረች፦ የሥነ ጽሑፍ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

የመጽሔቱ አዘጋጆች ለስፖርት ክበብ ሦስት ገጽ ከነፎቶግራፉ፣ ለእኛ ደግሞ አንድ ገጽ መመደባቸውን ሰምቻለሁ። ዋንጫ ፎቶግራፍ ላይ ያምራል፤ ግድ የለም። የእኛ ልጆች ሥራ ግን በፎቶግራፍ ስለማይታይ በጽሑፍ ላሳያችሁ እገደዳለሁ። ከተፈቀደልኝ ገጽ ካለፍኩ ይቁረጡት፤ ስለ ዶሮዋ የተጻፈውን ግን እንዳይነኩብኝ አደራ።

ክበባችንን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ሰኞ ጠዋት ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል ግጥም የሚያነበው ነው። ዘንድሮ ግጥሙን ለሚኒ ሚዲያ ልጆች ትተን፣ የ7ኛና የ8ኛ ክፍል አባላት አጭር ልብ ወለድ ነድፈው እንዲጽፉ ማለማመድ ያዝን። ይህ ሲሰማ በመምህራን ማረፊያ ክፍል የተባለውን አልረሳሁም። «ልጆቹ መዋሸት መች አነሳቸውና ነው የምታስተምራቸው?» ያለኝ ባልደረባ አለ። ስሙን አልጠራም፤ የሚያስተምረው ግን ሒሳብ ነው። «ለስምንተኛ ክፍል ክልል አቀፍ ፈተና የማይመጣ ነገር» ያሉ ወላጆችም ነበሩ። ለሁሉም መልስ አለኝ።

የመስከረሙ ምዝገባ፣ የሥራ አስፈጻሚዎች ምርጫና የደንቡ መጽደቅ በየዓመቱ እንደሚሆነው ሆነ። ቃለ ጉባኤው ተቀምጧል፤ የፈለገ ያንብበው።

ልጆቹ ወደ ክበቡ ሲመጡ ባዶ እጃቸውን አልመጡም። ሴራ ምንድን ነው ስትሏቸው «በምክንያትና በውጤት የተሳሰረ የድርጊቶች ቅደም ተከተል» ብለው በአንድ ድምፅ ይመልሳሉ። ገጸ ባሕርይ፣ ግጭት፣ መቼት፣ ጭብጥ፣ አንጻር፣ ሁሉንም እንደ ዳዊት ይደግሙታል። ጻፉ ሲባሉ ግን ሌላ ነው። ባለታሪኩ አዲስ አበባ ውስጥ ፎቅ ቤት ይኖራል፤ ጸሐፊው ዓባይን ተሻግሮ አያውቅም። ክፉ የእንጀራ እናት ትኖራለች፤ የመኪና አደጋም አይቀርም። በአንድ ድርሰት ውስጥ በአንድ ገጽ አራት ሰው ሞተብን። በሌላው ደግሞ የሞቱት ሁሉ «ድንገት ከእንቅልፌ ባነንኩ» በሚል ዓረፍተ ነገር ተነሡ።

ስለዚህ መጻፍ ከለከልኩ። እስከ ኅዳር መጨረሻ ድረስ ክበቡ ውስጥ የተሠራው ንድፍ ብቻ ነው። ግማሽ ገጽ ወረቀት ላይ አምስት ጥያቄ ይመለሳል፦ ባለታሪኩ ማን ነው? ዛሬ ምን ይፈልጋል? ማን ወይም ምን ከለከለው? ምን አደረገ? መጨረሻ ላይ ምን ተለወጠ? ታሪኩ ከአንድ ቀን እንዳያልፍ፣ ሰዎቹም ከሦስት እንዳይበልጡ ተስማማን። ይህ የሆነው አጭር ልብ ወለድ ሁልጊዜ እንዲህ መሆን ስላለበት አይደለም፤ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ከሦስት ሰው በላይ ከሰጣችሁት የተረፈውን መግደል ስለሚጀምር ነው። ከዚያ ድርጊቶቹን በየመስመሩ ይጽፉና በየመካከላቸው «ስለዚህ» ወይም «ነገር ግን» ያስገባሉ። «ከዚያም» ብቻ የሚገባበት ቦታ ካለ ሴራው እዚያ ላይ ተበጥሷል። ወይ ምክንያት ይፈለግለታል፣ ወይ ድርጊቱ ይሰረዛል። በቃላቸው የሚያውቁት የሴራ ትርጉም ሥራ ላይ ሲውል ያዩት ያን ጊዜ ነው።

ሁሉም አልወደደውም። ከተመዘገቡት ግማሽ ያህሉ ጥር ሳይገባ ለቀቁ፤ አብዛኞቹ የሄዱት ወደ ድራማ ክበብ ነው፤ እዚያ ሳይነድፉ ይተውናሉ። ትምህርት የተቋረጠባቸው ሳምንታትም ነበሩ፤ ምክንያቱን ሁላችንም ስለምናውቀው አላብራራም።

ወደ ጉዞአችን ልለፍ። በዕቅዳችን ላይ የሰፈረው ባሕር ዳር ሄዶ የጢስ ዓባይን ፏፏቴ ማየት ነበር። መንገዱም ኪሳችንም አልፈቀደም። እኔም በእግር ተጉዘን የምንደርስበት ምን አለ ብዬ ሳስብ፣ በየቀኑ ደጁን እያለፍን የምንመጣው ቅኔ ቤት ትዝ አለኝ። ስመ ጥር የቅኔ ቤቶቹን ዋሸራንና ጎንጅን በያዘ አገር፣ ደብረ ማርቆስ ተቀምጦ ቅኔ ቤት ለማየት ገንዘብ አያስፈልግም። ልጆቻችን ግን ስለ ቆሎ ተማሪ የሚያውቁት በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል ብቻ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ምን ሲሠራ እንደሚውል የጠየቀ የለም።

ከሰዓት በኋላ ደረስን። ተማሪዎቹ በየዛፉ ሥር ተበታትነው፣ አንዳንዱ ጋቢውን እስከ ግንባሩ ተከናንቦ፣ ከንፈሩን ብቻ እያንቀሳቀሰ ቅኔውን ይቆጥራል፤ በልቡ ያቀናብራል ማለት ነው። ወረቀት የያዘ የለም። የቆጠረውን የጨረሰ ተነሥቶ የኔታ ዘንድ ይቀርብና ይናገራል። ጉባኤ ቃና የሚባለውን የሁለት መስመር ቅኔ ብቻ ይዞ የቀረበ፣ ከእኛ ልጆች በዕድሜ የማይበልጥ ልጅ ነበር። የኔታ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙትና ቤቱ መምታቱን፣ ነገሩ ግን አለመግጠሙን ነገሩት። ልጁ አልተከራከረም። ወደ ዛፉ ተመለሰ፤ ቆይቶም መጣ፤ አሁንም ተመለሰ። እኔ ደግሞ «ሁለተኛ ረቂቅ» ባልኩ ቁጥር የሚያጉረመርሙትን የክበባችንን ጎረምሶች ፊት ሳይ ነበር የቆየሁት።

ተመልሰን ልንሄድ ስንል ከሰባተኛ ክፍል ተማሪዎቻችን አንዷ እጇን አወጣች። ከስናን ወረዳ መጥታ ከወንድሟ ጋር ቤት ተከራይታ የምትማር፣ ክበቡ ውስጥ ድምፅዋ የማይሰማ ልጅ ናት። «የኔታ፣ ሲጀምሩ መጨረሻውን ያውቁታል?» አለች። የኔታ ፈገግ አሉ። «ምን እንደምል ሳላውቅ እንዴት እጀምራለሁ ልጄ? ወርቁን ይዤ ነው ሰም የምፈልግለት» አሉና «አንቺስ?» ብለው መልሰው ጠየቋት። ልጅቱ ዞር ብላ እኔን አየችኝ። እኔም ዛፉን አየሁ።

በሚቀጥለው አርብ አዲስ ንድፍ ይዛ መጣች። ያቺ በአንድ ገጽ አራት ሰው የገደለችው እርሷ መሆኗን አሁን ብናገር አትቀየመኝም። አዲሱ ንድፍ ውስጥ ማንም አይሞትም። እናትና ልጅ ዶሮ ሊሸጡ ረቡዕ ገበያ ይወጣሉ፤ ልጅቷ በገንዘቡ ደብተር እንዲገዛላት ትፈልጋለች። ገዢ በመጣ ቁጥር እናትየዋ ዋጋ ትጨምራለች። ልጅቷ ትናደዳለች፣ ታፍራለች፣ ይመሽባታል። በመጨረሻ አንድ ሰው ሳይከራከር የተጠራውን ዋጋ ቆጥሮ ሲሰጥ እናትየዋ «አይሸጥም» ብላ ዶሮዋን ታቅፋ ትነሣለች። አለቀ። ንድፉን ገልብጬ ሳይ በጀርባው በትንንሽ ፊደል እንዲህ ተጽፏል፦ «ዶሮዋን ዓረብ አገር የሄደችው እኅትየዋ ናት ያሳደገቻት። ከሄደች ጀምሮ አልደወለችም። ይህን ግን ታሪኩ ውስጥ አልናገርም።»

የራሷ ቤት ታሪክ ይሁን አይሁን አልጠየቅኋትም።

ታሪኩ ሲጻፍ እኅት አንድ ጊዜ ብቻ፣ ያውም በግማሽ ዓረፍተ ነገር ተነሥታለች፤ ስልኩ ግን በእናትየዋ መቀነት ውስጥ በመሐረብ ተጠቅልሎ አለ፤ ገበያው መሐል ሁለት ጊዜ ወጥቶ ይታያል። «እናቴ ተጨነቀች» የሚል ዓረፍተ ነገር ነበረበት። እያንዳንዱ አባል የጓደኛውን ረቂቅ ሲያነብ የሰለቸው ቦታ ላይ በእርሳስ ምልክት ያደርጋል፤ ምልክት ያረፈበትም ይኸው ነው። ልጅቱ አጠፋችውና በምትኩ «የዶሮዋን እግር ያሰረችበትን ገመድ ፈትታ እንደገና አሰረችው» ብላ ጻፈች። ይህን ያስተማርኳት እኔ ነኝ ብል ደስ ባለኝ።

ክፍል ውስጥ ሲነበብ ጠብ ተነሣ። ወንዶቹ «ታሪኩ አላለቀም፣ ገንዘቡስ?» አሉ። አንዷ «እናትየዋ መጀመሪያውኑ ልትሸጥ አልወጣችም» ብላ ተነሣች። ሌላው ልትሸጥ ወጥታ ገበያው ላይ እንደ ከበዳት በስልኩ ማስረጃ እያቀረበ ተከራከረ። ክርክሩ እስከ ሰኞ ሰልፍ ድረስ ቀጠለ። የአማርኛ መምህር ሆኜ ስለ አንድ ገጸ ባሕርይ ዓላማ ልጆች በእረፍት ሰዓት ሲጣሉ ያየሁት በዚህ ብቻ ነው።

በወላጆች ቀን ሦስት ታሪኮች ሊነበቡ ነበር። ሁለተኛው መሐል ላይ መብራት ጠፋ፤ የዶሮዋ ታሪክ ያለ ማይክሮፎን ተነበበና ከኋላ የተቀመጡት አልሰሙትም። ፊት ከሰሙት መካከል ግን የሒሳቡ ባልደረባዬ አለ። በማግስቱ ኮሪደር ላይ አስቁሞኝ «ቆይ፣ ለምን አልሸጠችውም?» አለኝ። ውሸት ከሆነ ምን አሳሰበው?

ለወላጆች ደግሞ ይህን እላለሁ። ምክንያትንና ውጤትን ለይቶ፣ የማያስፈልገውን አውጥቶ፣ የጻፈውን ደግሞ የሚያርም ተማሪ በየትኛውም ፈተና አንቀጽ ሲሰጡት አይደነግጥም። ያም ሆኖ የስምንተኛ ክፍል አባላቶቻችን ከፋሲካ በኋላ ለፈተና ዝግጅት ተለይተውናል፤ አልተቃወምኩም። የዓመቱን ምርጥ ታሪኮች በአንድ ጥራዝ አባዝተን ለየክፍሉ ለማዳረስ የገባነው ቃል አልተፈጸመም። የማባዣ ማሽኑ ቀለም ለፈተና ብቻ ነው ተብለናል። በእጅ የተጻፉት ታሪኮች ካርቶን ውስጥ እኔ ዘንድ አሉ።

ኳስ ሲፈነዳ አዲስ ይገዛል፤ ያለ ኳስ መጫወት እንደማይቻል ሁሉም ያውቃልና። ያለ ወረቀት ግን መጻፍ የሚቻል ይመስላል። ዘንድሮ የነደፍነው ሁሉ ጀርባው የአሮጌ ፊዚክስ ፈተና ነው። በቤተ መጻሕፍታችን ያሉት የአጭር ልብ ወለድ መድበሎችም አንድ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፈዋል፤ ቁልፉን የያዘው ሠራተኛ ተዛውሯል፤ ቁም ሣጥኑን ለመስበር ደብዳቤ ጽፈን መልስ እየጠበቅን ነው።

የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። የወላጅ መምህር ኅብረቱ ጥቂት ደስታ ወረቀትና የአንድ ጥራዝ ማባዣ ቀለም ቢፈቅድልን ካርቶኑ ውስጥ ያለው ለመስከረም ይደርሳል። ከዚህ ተምራችሁ በየከተማው የተበተናችሁ የቀድሞ ተማሪዎችም አንብባችሁ የጨረሳችሁትን የአማርኛ መድበል ብትልኩልን ቁልፍ የሌለው መደርደሪያ አዘጋጅተናል። ርእሰ መምህሩ ደግሞ የአርብ ከሰዓቱን ክፍለ ጊዜ በማካካሻ ትምህርት እንዳይወስዱብን በአክብሮት እንጠይቃለን።

አዳዲስ አባላት መስከረም ውስጥ ይመዘገባሉ። እርሳስና ላጲስ ይዛችሁ ኑ፤ በእስክሪብቶ የተነደፈ ንድፍ አንቀበልም።