ጀኖዋ ላለችው ልጄ፦ ስለ ካፋ ወደብ

ይድረስ ለልጄ፣

እንዴት ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትሽ በርበሬና ሽሮ ልካልሻለች፤ የሚያመጣልሽ ሰው ይደውልልሻል፣ ስልክሽን አንሺ።

የላክሽውን ፎቶ አየሁት። አሮጌው ወደብ አጠገብ ያለው፣ ግድግዳው በሥዕል የተሞላው ሕንፃ። «ምን እንደሆነ አላውቅም፣ ግን ያምራል» ብለሻል። የታሪክ አስተማሪ ልጅ ሆነሽ! ፓላዞ ሳን ጆርጆ ይባላል። በስልክ እንዳልነግርሽ ኔትወርኩ ይቆራረጣል፣ ስለዚህ ልጻፍልሽ።

ያሠራው ጉሊየልሞ ቦካኔግራ የሚባል የከተማዋ አለቃ ነው፣ በ1260። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ይኸው ሰውዬ በ1261 ከባይዛንታይኑ ንጉሥ ከሚካኤል ፓሊዮሎጎስ ጋር ጀኖዋን አዋዋለ። ንጉሡ ቁስጥንጥንያን (የዛሬዋን ኢስታንቡል) ለማስመለስ መርከብ ይፈልጋል። ጀኖዋዎች ደግሞ ወደ ጥቁር ባሕር መግባት ይፈልጋሉ። ተስማሙ። ብዙም ሳይቆይ ክራይሚያ ላይ፣ የጥንት ግሪኮች ቴዎዶሲያ ባሏት ዳርቻ፣ የሞንጎሎቹን ፈቃድ አግኝተው ካፋ የምትባል ወደብ ቆረቆሩ። ከእኛ ከፋ ጋር ዝምድና የላትም።

ስለ ካፋ ሰው የሚያወራው አንድ ነገር ብቻ ነው። በ1346 ገደማ ጃኒ ቤግ የተባለው ካን፣ ማለትም የሞንጎሎቹ ንጉሥ፣ ከተማዋን ከቦ ሳለ ወረርሽኝ ሠራዊቱን ፈጀው። እሱም ሬሳውን በድንጋይ መወርወሪያ ግንቡን አሻግሮ አስወረወረ፤ ጥቁሩ ሞት አውሮፓ የገባው በዚያ ነው ይባላል። ይህን የጻፈልን ጋብሪየሌ ዴ ሙሲ የፒያቼንዛ ሰው ነው። ያኔ እዚያው ጣሊያን ነበር፤ ከበባውን በዓይኑ አላየም። በሽታው በጥቁር ባሕር ወደቦች በኩል መምጣቱስ እውነት ነው። በ1347 ቁስጥንጥንያ ገባ፣ በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ መሲና ደረሰ። ለዚህ ግን ሬሳ መወርወር አያስፈልግም፤ አይጥና ቁንጫ የተሳፈሩበት የእህል መርከብ ይበቃል። እኔን የሚያናድደኝ ሰው ታሪኩን እዚያ ላይ መዝጋቱ ነው። ካፋ ከዚያ በኋላ 130 ዓመት ገደማ ነግዳለች!

በደህና ቀኗ ያያት የሞሮኮው ተጓዥ ኢብን ባቱታ ነው፣ በ1330ዎቹ። መስጊድ ውስጥ አርፎ ሳለ ከየአቅጣጫው ደወል ይደወል ጀመር። በሕይወቱ ደወል ሰምቶ አያውቅምና ደነገጠ። ጓደኞቹን «ሚናራው ላይ ወጥታችሁ ቁርዓን ቅሩ፣ አዛን አድርጉ» አላቸው። ወዲያው አንድ ሰው ጥሩርና መሣሪያ ታጥቆ ከተፍ አለ። የከተማው ሙስሊሞች ቃዲ ነበር። ድምፁን ሲሰማ ለእንግዶቹ ፈርቶላቸው ነው የመጣው። ምንም አልሆኑም። በኋላ ወደቡን ሲያይ ትልቅ ትንሹን 200 ያህል መርከብ ቆሞ አገኘ።

መርከቦቹ የሚጭኑት እህል፣ ጨው፣ ዓሣ፣ ሰም፣ ቆዳ፣ ከሩቅ ምሥራቅ የመጣ ሐር ነው። ጀኖዋው፣ አርመኑ፣ ግሪኩ፣ ታታሩ፣ አይሁዱ እዚያው ይገበያያል። ሳንቲማቸው ራሱ በአንድ ፊቱ የጀኖዋ ምልክት፣ በሌላው የካኑ ማኅተም ነበረበት።

ሰውም ይጭናሉ። ይህን ላልፈው አልችልም። በ1289 እና በ1290 ላምቤርቶ ዲ ሳምቡቼቶ የሚባል ውል ጸሐፊ ካፋ ተቀምጦ ይሠራ ነበር፤ ዛሬ ውልና ማስረጃ የምንለውን ዓይነት ሥራ። የመርከብ ሽያጭ ይጽፋል፣ ብድር ይጽፋል፣ ቀጥሎ ደግሞ የአንዲት ልጅ ሽያጭ። ስሟ፣ ዕድሜዋ፣ ወገኗ፣ ዋጋዋ፣ ምስክሮቹ፤ ሁሉም በሥርዓቱ። ስድብ የለ፣ ጩኸት የለ። እኔን የሚያስፈራኝ ይሄ ጨዋነቱ ነው።

ብዙዎቹ ወንዶች ልጆች የሚሄዱት ግብፅ ነው፣ ለማምሉኮቹ ጦር። ማምሉክ በባርነት ተገዝቶ ወታደር የሚሆን ሰው ነው፤ ግብፅን የሚገዙትም እነሱ ነበሩ። ጳጳሳቱ ንግዱን ቢያወግዙም ሰሚ አልነበረም። በ1307 ቶክታ የተባለው ካን «ልጆቻችንን እየሰረቁ ይሸጣሉ» ብሎ ዘመተባቸው። ጀኖዋዎቹ በ1308 ከተማዋን ራሳቸው አቃጥለው በመርከብ ሸሹ። እሱ ሲሞት ተመልሰው ያንኑ ንግድ ቀጠሉ። ለኛም ሩቅ አይደለም። አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ስለ ግብፅ ክርስቲያኖች ደብዳቤ የጻፉለት የካይሮው ሱልጣን ጃቅማቅ ሰርካሲያዊ ነው፣ ከጥቁር ባሕር ምሥራቅ ካለው የካውካሰስ አገር፤ በልጅነቱ ለማምሉክነት የተሸጠ።

አሁን ወደ ሕንፃሽ ልምጣ። በ1407 ለጀኖዋ መንግሥት ያበደሩ ሰዎች ተሰባስበው የሳን ጆርጆን ባንክ አቋቋሙ፤ በኋላም መሥሪያ ቤታቸው እዚያ ሆነ። በ1453 ቱርኮች ቁስጥንጥንያን ሲይዙ የጥቁር ባሕር መግቢያው በእጃቸው ሆነና የካፋ መንገድ ጉሮሮው ታነቀ። መንግሥት ወደቧን የሚጠብቅበት ገንዘብ አልነበረውም፤ ስለዚህ ለባንኩ አስረከባት። አስቢው፣ ባንክ አገር ሲያስተዳድር! ቆንስል የሚባለውን የከተማዋን አስተዳዳሪ የሚሾመው ባንኩ፣ ወታደሩን የሚቀጥረው ባንኩ፣ ግንቡን የሚጠግነው ባንኩ።

መጨረሻዋን ያመጣው ደግሞ ጉቦ ነው። በከተማዋ ዙሪያ የነበሩትን ታታሮች የሚያስተዳድር ሹም ሞተ። ሹመቱ ኤሚኔክ ለሚባል ታታር ተሰጠ። የሟቹ ሚስት ግን ለልጇ ፈለገችው፣ ለካፋ ሹማምንትም እጅ መንሻ አቀረበች። ሹማምንቱም ጉቦውን በሉ። ኤሚኔክ ተሻረ። እሱም ቱርኮቹን ጠራ። ሰኔ 1475 ጌዲክ አህመድ ፓሻ በመርከብ መጥቶ ከተማዋን በጥቂት ቀናት ውስጥ ያዛት። ጣሊያኖቹ ተጭነው ኢስታንቡል ተወሰዱ። የባሪያ ገበያው ግን አልተዘጋም፤ ባለቤቱ ብቻ ተቀየረ።

የላምቤርቶ መዝገቦች እዚያው ጀኖዋ፣ በመንግሥት መዝገብ ቤት አሉ። የተማሪ መታወቂያሽን ይዘሽ ሂጂና ጠይቂያቸው። ላቲኑ ባይገባሽም የሰውዬውን የእጅ ጽሑፍ አይተሽ ጻፊልኝ። አይሆንም ካሉሽም እሺ ብለሽ ውጪ፤ ደግሞ እንደ እናትሽ ከዘበኛ ጋር እንዳትከራከሪ።

አባትሽ