ዓርብ የጎደለው መዝሙር

ልጄ፣ እንደምን ሰነበትክ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የደሴን ብርድ ግን አልቻልነውም። አንተማ ኮምቦልቻ ሙቀት ላይ ሆነህ ረስተኸዋል።

ለትንሣኤ የጻፍከው መዝሙር በቴሌግራም ደርሶኛል። አባትህ ሰምቶ "ጎሽ" አለ። ለእሱ አንተ ያደረግከው ሁሉ ጎሽ ነው፤ ስለዚህ እኔ ልናገር።

ዜማው ግሩም ነው። ወሎዬነትህ ያስታውቃል፣ የአምባሰልን ቅኝት አሳምረህ ይዘኸዋል። ችግሩም እዚያው ነው። አምባሰል ምንም ቢሉበት አንጀት ይበላል። ያስለቀሰኝ ዜማው ይሁን ቃሉ ለማወቅ ግጥሙን ብቻውን አነበብኩት። ዓይኔ ደረቅ ነበር። ከላይ እስከ ታች "ነጻ ወጣሁ፣ ደስ አለኝ፣ አለፈልኝ" ነው። ከምን ነጻ ወጣህ? ማን ምን ከፍሎልህ? ቀራንዮ አንዴም አልተጠራችም። አትቀየመኝና፣ ቪዛ የወጣለት ሰው አንድ ቃል ሳይቀይር ሊዘምረው ይችላል። ዛሬ ብዙ መዝሙር እንዲህ ሆኗል።

ሰሞኑን ጎረቤታችን ሐጂ በር ላይ አግኝተውኝ "ምነው፣ ከበሯችሁ ጠፋ?" አሉኝ። ጾም ገባ አልኳቸው። "ለካ ደረሰ!" አሉ። ዓቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ከበሮና ጸናጽል አይነካም። ጎረቤት እንኳን ዝምታውን ሰምቶ ወቅቱን ያውቃል።

ከበሮው ራሱ ምን እንደሆነ ሰንበት ትምህርት ቤት ተምረሃል። ሰፊው አፍ የክርስቶስ መለኮቱ፣ ጠባቡ ትስብእቱ፣ ሰው መሆኑ። የተጠላለፈው ጠፍር የግርፋቱ ሰንበር። የምታነግተው ማንገቻ ደግሞ እሱ የታሰረበት ገመድ። እንግዲህ በፋሲካ ሌሊት ለደስታ የምትመታው ይህንን ነው። ሊቃውንቱ ደስታውን ከሕማሙ አልለዩትም። አንተ ምን ቸኮልክ?

ስቅለት ዕለት ሰው ሲሰግድ ይውላል። ጉልበቱ እስኪዝል። ማታ በወይራ ቅጠል ይጠበጠባል። በትንሣኤ ሌሊት ካህኑ "ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን" ሲል "በዐቢይ ኃይል ወሥልጣን" ብሎ የሚመልሰው ይኸው የሰገደ ሕዝብ ነው። ከዚያስ? "አሠሮ ለሰይጣን፣ አግዐዞ ለአዳም።" ሰይጣን ታሰረ፣ አዳም ነጻ ወጣ። ፍሥሐውና ሰላሙ የሚባለው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። አዳም 5,500 ዓመት ጠብቋል፤ አንተ አንድ ስንኝ ብትሰጠው ምን ይጎድልብሃል?

አብሽር፣ አዝማቹን አትንካው፣ እሱ ጥሩ ነው። የመጀመሪያውን ቤት ብቻ አውጣና ዓርብን አስገባበት። "ደም" ማለትን አትፍራ። ደግሞ ጅራፍና ሚስማር እየቆጠርክ ሰው አታስጨንቅ። አንዳንዱ ዘማሪ እዚያ ይገባና መውጫው ይጠፋዋል። ሕመሙን ስትናገር ለማን ብሎ እንደታመመ አብረህ ተናገር። ያኔ አዝማቹ ላይ ስትደርስ እልልታው ሳትለምነው ይመጣል።

ስትጨርስ መጀመሪያ ግጥሙን ብቻ ላክልኝ፣ ዜማውን ተወው። ለበዓል ስትመጣ ደግሞ በቀን ተሳፈር፤ የሐረጎ መንገድ ሲመሽ በጉም ይሸፈናል።

እናትህ