«ደራሲው ያልታወቀ» ያላችሁት ግጥም ደራሲ አለው

ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ፣ ባለፈው እትማችሁ «የካውቦይ ጸሎት» የሚለውን ግጥም ተርጉማችሁ ስላወጣችሁ ደስ ብሎኝ ነበር፣ ግን ከስሩ «ደራሲው ያልታወቀ» የሚለውን ሳይ ዝም ማለት አቃተኝ። ይታወቃል እንጂ፣ አሜሪካዊው ገጣሚ ባጀር ክላርክ ነው! በናንተ የተጀመረም አይደለም፣ ሰውየው በህይወት እያለ ራሱ አሜሪካኖቹ ፖስትካርድ ላይ ያለ ስሙ እያተሙ ይሸጡት ነበር። እኔም ድሮ ለጓደኞቼ ያለ ስሙ ነው ፎርዋርድ ያደረግኩት፣ ስለዚህ ብዙም አልፈርድባችሁም።

ክላርክ በፈረንጆቹ 1883 አዮዋ ተወልዶ ገና ህጻን እያለ ነው ቤተሰቡ ዳኮታ የገባው፣ አባቱ የሜቶዲስት ሰባኪ ናቸው። ግጥሙ ላይ ደግሞ ካውቦዩ ፈጣሪን «ቤተክርስቲያን ባለበት ኖሬ አላውቅም» አይነት ነገር ነው የሚለው፣ የሰባኪ ልጅ እኮ ነው የጻፈው ሃሃ።

ወጣት ሆኖ ኩባ ሄዶ ነበር አልሆነለትም፣ ከተመለሰ በኋላ ቲቢ ያዘውና ደረቅ አየር ይሻልሃል ተብሎ አሪዞና ወረደ፣ ቱምስቶን የምትባለው ከተማ አካባቢ አንድ ራንች ላይ ከብት እየጠበቀ አራት አመት ገደማ ቆየ። ጤናው የተመለሰውም ግጥም የጀመረውም እዛ ነው። ለእንጀራ እናቱ ደብዳቤ ሲጽፍ አንዳንዴ በግጥም ያደርገዋል፣ እሷም (ተረት ላይ እንደምናውቃት አይነት እንጀራ እናት አይደለችም) አንዱን ወስዳ ለመጽሄት ላከችው፣ 10 ዶላር ተከፈለበት። ለካ በዚህም ይበላል ያለው ያኔ ነው፣ የመጀመሪያ መጽሃፉም በ1915 ወጣ።

በ1937 ሳውዝ ዳኮታ ፖየት ላውሬት ብላ ሾመችው፣ የግዛቷ ኦፊሴላዊ ገጣሚ ማለት ነው፣ እሱ ግን እየቀለደ ራሱን «ፖየት ላሪየት» ይል ነበር፣ ላሪየት ካውቦዮች ከብት የሚይዙበት የሸምቀቆ ገመድ ነው። ሹመቱ ኑሮውን አልቀየረውም፣ ብላክ ሂልስ ተራራ ውስጥ፣ ከስተር ስቴት ፓርክ የሚባለው ጫካ፣ በራሱ እጅ በሰራት ጎጆ ነው ብቻውን የኖረው፣ መብራት የለ፣ ስልክ የለ፣ የቧንቧ ውሃ የለ። ሚስትም አላገባ። ጎጆዋን «የባጀር ጉድጓድ» ነው የሚላት፣ ባጀር ጉድጓድ ቆፍሮ የሚኖር አውሬ ስለሆነ በስሙ መቀለዱ ነው። በ1957 ሲሞት 74 አመቱ ነበር።

እና እባካችሁ በሚቀጥለው እትም አንድ መስመር ማረሚያ አውጡ፣ ከቻላችሁም እንደ ባለፈው ጥግ ላይ ሳይሆን ባህል ገጹ ላይ።

አንባቢያችሁ