ለቅዳሜው ማዳመጫ፦ ከጫጫታው በታች ያለውን ቀልድ ለመስማት

ውድ አባላት፣

ቅዳሜ ፒያሳ ተሰብስበን የምንሰማው አሜሪካዊው የፓንክ ሮክ ዘፋኝ ጄሎ ቢያፍራ ሜልቪንስ ከተባለው የሮክ ባንድ ጋር እ.ኤ.አ. በ2004 ያወጣውን አልበም ነው። ፖለቲካዊ ሽሙጥ ያለበት ኖይዝ ሮክ (ሆን ተብሎ ጫጫታ የበዛበት ሮክ) ለምን እንደሚጥም ሰምና ወርቅ ለለመደ ጆሮ ማስረዳት አይከብድም። ጊታሩ ያጓራል፤ ዘፋኙ ግን የሚነቅፈውን ሰው ራሱን ሆኖ ደረቱን ነፍቶ ይናገራል። ቢያፍራ እ.ኤ.አ. በ1979 የካሊፎርኒያውን ገዥ ጄሪ ብራውንን ሆኖ የዘፈነው በዚሁ ስልት ነው። በዚያው ዓመት ለሳን ፍራንሲስኮ ከንቲባነት ተወዳድሮ አራተኛ መውጣቱንም ልብ በሉ!

ግጥሙን አስቀድማችሁ አንብቡ፤ ያለዚያ ቀልዱ ያመልጣችኋል፣ የሚቀረው ጩኸት ብቻ ይሆናል።

ቤታችሁ የምትለማመዱ፣ ስፒከሩን ከግድግዳው ጥግ ቢያንስ ግማሽ ሜትር አርቁት። ጥግ ላይ ከተቀመጠ ቤዙ (ወፍራሙ ድምፅ) ያብጥና ቃላቱን ይውጣቸዋል። አሁንም ከደፈነ ኢኳላይዘሩ (የድምፅ ማመጣጠኛው) ላይ 250 ኸርዝ አካባቢ 3 ዴሲቤል ቀንሱ። ትሬብል (ቀጭኑን ድምፅ) መጨመር ግን ስህተት ነው፤ የጊታሩ ፉጨት አብሮ ይወጣና ጆሮ ቶሎ ይደክማል። ድምፁን ከ85 ዴሲቤል አታሳልፉ። በስልክ ስፒከር የሰማ እንዳልሰማ ይቆጠራል፤ ቤዙ ጭራሽ የለም።